በሩ ሳይከፈት የደነገጠችው ሚስት

መስታወት ቆራጩ በሰው ሀብት አይቀናም። በሰው መኪና፣ በሰው ቤት ላይ ዓይኑን አይጥልም። እሱ የሚቀናው ያንን የጀልባውን ጌም ገና ባላዩት ሰዎች ነው።

ጌሙ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ፣ እናቷ የጠፋችባትን ትንሽ ልጅ ይዞ ከደሴት ደሴት ይንከራተታል። መጨረሻ ላይ እናትየዋን አግኝቶ ልጅቷን ያስረክብና ብቻውን እየቀዘፈ ይመለሳል። ቆራጩ ይሄን ሲጨርስ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እንደገና ሲጫወተው ግን ዓይኑ ድርቅ አለበት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሲጫወቱት የቀረጹትን ቪዲዮ ማሳደድ ሥራው ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን የመስታወት ማጣበቂያው ስቱኮ ቆርቆሮ ላይ ያስደግፍና፣ ጌሙን ትቶ ቪዲዮው ጥግ ላይ ያለውን የተጫዋቹን ፊት ያያል።

"ይሄኛው የውሸቱን ነው" ይላል። "ሙዚቃው ሳይጀምር አፉን ያዘ። ቀድሞ አይቶታል።"

"መስታወቱን እንዲህ አተኩረህ ብታየው ኖሮ" ይለዋል አለቃው፣ "ድሮ ደሞዝ እጨምርልህ ነበር።"

የጌሙ ክፍል ሁለት የወጣ ጊዜ ግን አንድም ቪዲዮ አልከፈተም። የመጀመሪያውን ትከሻው ላይ ተደግፋ ያለቀሰች ሚስት አለችው። "ይሄን ከኔ ጋር ነው የምታዪው፣ ቃል ግቢልኝ" አላት። ገባችለት።

የእረፍት ቀኑ ደረሰ። መጋረጃውን ዘግቶ፣ ሚስቱን ጎኑ አስቀምጦ ጀመረ። እናቱ ከኋላ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ያቺ ትንሽ ልጅ አሁን አድጋ፣ ሽማግሌውን ፍለጋ ጎጆው ድረስ መጥታለች። ቆራጩ እየተጫወተ በሩ ጋ አደረሳትና ሚስቱን በጎን ሰረቅ አድርጎ አያት።

እጇ አፏ ላይ ነው። በሩ ግን ገና አልተከፈተም።

"አይተሽዋል" አላት።

"ምኑን?"

"በሩ ሳይከፈት ደነገጥሽ። እኔን አታታልዪኝ፣ ይሄን ሥራዬ ብዬ የያዝኩ ሰው ነኝ።"

አንገቷን ደፋች። "አላስቻለኝማ።"

"ከማን ጋር?" ድምፁን የሰማ ጎረቤት ከሌላ ወንድ ጋር የያዛት ነው የሚመስለው። "ከማን ጋር ነው ያየሽው?"

"ከኔ ጋር" አለች እናቱ ከኋላ፣ ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል።

ቆራጩ ዞረ። ያቺ "ጢም አውጥተህ በጌም ታለቅሳለህ?" እያለች የምትዘልፈው እናቱ!

"ፋርማሲ የምገባው ከሰዓት አይደል?" አለች ሚስቱ። "ጠዋት አንተ ስትወጣ እማማ 'ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?' አሉኝ። ሌላ ሰው ሲጫወተው ከስልኬ አየነው።"

"እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የመጀመሪያውን የት አየሽው?"

"እዚሁ ነዋ። ጀርባህ ዓይን የለው።"

"እና አለቀሳችሁ?"

ሁለቱ ተያዩ። አንጀቱን ያሳረረው ያ መተያየት ነው።

"ማን ቀድሞ?"

"እማማ" አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

እናቱ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም። አባቱ የተቀበረ ዕለት እንኳ እንግዳ ስታስተናግድ ነው የዋለችው። የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እያየ ኖሮ፣ ይሄኛው በገዛ ሶፋው ላይ፣ እሱ መስታወት ሲቆርጥ አመለጠው።

"ክፈተው እንጂ በሩን!" አለች እናቱ።

"መጀመሪያ አንቺ ወደዚህ ነይ።"

እያጉረመረመች፣ እጇን እየጠራረገች መጥታ መሃላቸው ተቀመጠች። ቆራጩ ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ በራሱ ነው የሚሄደው። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማ፤ ሙዚቃው ተነሳ፤ እሱ ዓይኑን ከእናቱ ፊት አልነቀለም። የዓይኗን ጥግ ጠበቀ። አገጯን ጠበቀ። ምንም። የሷም ዓይን ለሁለተኛ ጊዜ ሲሆን እንደሱ ድርቅ ብሏል።

"እኔ ላይ ምን ታፈጣለህ?" አለችው። "ወደዚያ እይ እንጂ! ይኸው አለፈህ!"

ሲዞር ልጅቷ ከጎጆው ወጥታ በሩን እየዘጋች ነበር።

"ምን ነበር ውስጡ?" አለ።

እናቱ ሽንኩርቷን መልሳ አነሳች። "የቁመቷ ምልክት ነው እኮ፣ የኔ ሞኝ። ከሄደች በኋላ ሽማግሌው በየዓመቱ 'አሁን ይሄን ታህላለች' እያለ የጎጆው ምሰሶ ላይ ሲያደርግላት የኖረው። ሳያያት፣ በግምት።"