ከሸምበቆው የመለሰው ድምፅ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጨፋ ረግረግ ዳር ነበር። ሲመሽ ትንኙን ለማባረር ደጃፉ ላይ ኩበት እናጨስ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ተረት በሰማሁ ቁጥር የኩበት ጭስ ይሸተኛል። ተረቱን የሚነግሩን ጎረቤታችን፣ ሸማኔው አባባ ደምሴ ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፤ ቅሬያችን፣ ማለትም እድራችን፣ ግን አንድ ስለነበር ሬሳም ሆነ በሽተኛ የሚነሳው በአንድ ቃሬዛ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ከመጽሐፋቸው ያወጉንን የሽባውን ሰው ታሪክ ነው። አራት ሰዎች ተሸክመውት ይመጣሉ፤ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ መግቢያ የለም፤ ጣራውን ነድለው ከነአልጋው በገመድ ያወርዱታል። «ወደ ማን?» ስንላቸው «ለእናንተ ነቢዩ ኢሳ፣ ለእኛ ጌታችን፤ ብቻ የሚያድነው እሱ ነው» ይሉና ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሳሉ። ያኔ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነበር።

«አንደኛው ገመዱን ቢለቀውስ?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ከኩራዙ ብርሃን ወጥቶ ጨለማ ውስጥ ገባ። «እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈራው እሱን ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ሰውየው ምን አደረገ?»

«ምን ያደርጋል ልጄ? እዚያው አልጋው ላይ ተኛ።»

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ሁለት ሌሊት ስታምጥ አደረች። አባቴ ከብት ይዞ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ነበር፤ መኪና የሚገኝበት መንገድ ደግሞ ከረግረጉ ማዶ ነው። ሲነጋጋ አጎቴ ሙሄ የቅሬውን ቃሬዛና ሦስት ሰዎች ይዞ መጣ። ከሦስቱ አንዱ ሰይድ ነበር። የማሳችንን የወሰን ድንጋይ ገፍቷል ብላ እናቴ ሁለት ዓመት ሰላምታ የነሳችው ሰውዬ።

«እሱ ካነሳኝ እዚሁ ልሙት» አለች እናቴ። «ድንጋይ የገፋ እጅ እኔን አይገፋም?»

ሰይድ መሬት መሬቱን አየ። አባባ ደምሴ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አንቺ ዘሃራ» አሏት፣ «ያ ሽባ ገመድ ያዦቹን መርጦ ይመስልሻል?»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ቢስሚላህ ብለው አነሷት፤ እኔም ልብሷን በፌስታል ይዤ ተከተልኩ።

ረግረጉ ላይ የተኛው ጉም ወፍራም ስለነበር ከፊት ያለው ከኋላ ላለው አይታየውም። እንዲህ ሲሆን በእኛ ቅሬ መሪው እየቆየ «ጂርታ?» ብሎ ይጠራል፤ አለህ ወይ ማለቱ ነው። ሌሎቹ በየተራ «ጂራ»፣ አለሁ፣ ይላሉ። አንዱ ካልመለሰ ቃሬዛው ይቆማል። ሙሄ እየጠራ፣ ሦስቱ እየመለሱ፣ ውሃው ከእግራችን ሥር ቷ ቷ እያለ መሀል ደረስን።

«ጂርታ?»

ሦስቱም መለሱ። ከዚያ በቀኝ በኩል፣ ከሸምበቆው ውስጥ፣ ሌላ «ጂራ» መጣ። ቀስ ያለ፣ አፉ ውሃ የያዘ ሰው ድምፅ።

«ማነህ?» አለ ሙሄ። እንደገና «ጂርታ?» ሲል ከእኛ ሰዎች ማንም ሳይመልስ ያ ድምፅ ቀደማቸው።

«መንገድ የሚያውቅ ሣር አጫጅ ይሆናል» አለ ሙሄ፣ ቃሬዛውን ወደ ቀኝ እያዞረ።

«አዑዙ ቢላህ! በዚያ በኩል የሚያስቆም መሬት የለም» አለ ሰይድ ከኋላ። «ዕድሜዬን ያጨድኩት እዚህ ነው። ግራ ነው መንገዱ።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወሰን የምታውቀው?» አለው ሙሄ።

ሙሄ ወደ ቀኝ፣ ሰይድ ወደ ግራ ሲይዙ ቃሬዛው ተንገጫገጨ፤ እናቴ አቃሰተች። ያኔ ነው ሁለት ዓመት ያልጠራችውን ስም የጠራችው።

«ሰይድ። ይዘኸኛል?»

«ይዤሻለሁ።»

«በሉ እሱ በሚለው ሂዱ።»

ወደ ግራ ዞሩ። ብዙም ሳንሄድ ሰይድ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰጠመ፤ ክንዶቹ ግን የቃሬዛውን እንጨት ከራሱ በላይ አንስተው ይዘውት ነበር፣ እናቴ አንድ ጣት እንኳ አላዘነበለችም። እኔ ፌስታሌን ጥዬ በቀበቶው ጎተትኩት። ከዚያ ወዲያ ሙሄ አልጠራም። ተሸካሚዎቹ በትንፋሽ ብቻ ተደማምጠው ሄዱ። ከኋላችን ግን ያ ድምፅ ማንም ሳይጠራው «ጂራ… ጂራ…» እያለ ጥቂት ተከተለንና ቀረ።

ወንድሜ ከሚሴ ሆስፒታል ተወለደ። እናቴም ተረፈች፤ ግን ዓመት ሙሉ እንስራ ማንሳት ስላልቻለች እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ወንድሜን አዘልኩ። ሰይድ ድንጋዩን አልመለሰም። እናቴም ነገሩን ዳግመኛ አላነሳችበትም፤ ሲያልፍ ግን ቀድማ ሰላም የምትለው እሷ ነበረች። ድንጋይ የሚገፋ እጅ ሰውን ሳይለቅ እንዴት እንደሚይዝ አሁንም አስበዋለሁ።

ስለ ድምፁ ለአባባ ደምሴ ብቻ ነገርኳቸው። ፍሙን ቆሰቆሱና «ሽባውን ያወረዱትን የአራቱንም ሰዎች ስም መጽሐፉ አልጻፈውም» አሉኝ።

ዛሬ ከሚሴ ነው የምኖረው። መብራት ሲጠፋ ጓዳ ያለችው ትንሿ ልጄ እንዳትፈራ «ጂርታ?» እላታለሁ። «ጂራ!» ትለኛለች እየሳቀች። አንድ ድምፅ ነው። እኔ ግን ወዲያው አልነሳም፤ ሌላ እንዳልተከተለ እስካረጋግጥ ጆሮዬን ሰጥቼ እቆይና፣ ከዚያ ገብቼ አጥብቄ እይዛታለሁ።