ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን

የጉምሩክ ቢሮ ጸሐፊዋ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለመማር፣ ስንቱ የሚሻማበትን የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ለሦስተኛ ጊዜ እየሞላች ነው። "የተጣሉ ወገኖችን ያግባባሽበትን አጋጣሚ ግለጪ" ይላል ጥያቄው። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፣ መስኮቱን ከፍታ መልሳ ትዘጋለች፤ ጠብ የሚል ሐሳብ የለም።

"ለአክስትሽ ንገሪያት!" ብላ ጮኸች እናቷ ከወጥ ቤት። "ያቺ ደረቅ ቴሌቪዥኑን ትቀንሰው በያት!"

እናትና አክስት በመጋረጃ ቀለም ተኳርፈው፣ አንድ ቤት እየኖሩ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል።

ልጅቷ፣ ቴሌቪዥኑ ሌላ ድምፅ ወደማያሰማበት ሳሎን ብቅ አለች። "አክስቴ፣ እማዬ እባክሽ ድምፁን ቀነስ አድርጊልኝ ትላለች።"

"እሷ ጆሮዋን ትድፈን በያት!"

ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ዞራ፣ "እማዬ፣ እሺ ብላለች" አለች።

ድንገት በራላት። ሮጣ ተመለሰችና ይህንኑ ጻፈችው። ከዚያም ኢሜይሏን እየከፈተች እየዘጋች፣ ሲያቁነጠንጣት ሰነበተ።

የማለፏ ዜና የመጣ ዕለት፣ "ለአክስትሽ..." ብላ ጀመረች እናት፤ ልጅቷ ግን ሻንጣ ፍለጋ ጓዳ ገብታለች። እናት ጨንቋት በቀጥታ ወደ አክስት ዞረች፦ "አንቺ ደረቅ፣ ልጃችን ልትሄድ ነው እኮ!"

"ደረቅ?" አለች አክስት ደንግጣ። "ይሄን ሁሉ ዓመት 'እባክሽ' ስትዪኝ አልነበር እንዴ?"

"እኔ? አንቺን?"

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ወደ ጓዳው ጮኹ፦ "አንቺ! ነይ እስቲ ወዲህ!"