ለማመልከቻ ብዬ የገባሁበት እድር

ቡሬ በሠራሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ባለ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ቅጽ መሙላት ጀመርኩ። ስሜን፣ ውጤቴን፣ የሥራ ልምዴን ጽፌ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ቀረ። «ለሚኖሩበት ማኅበረሰብ ምን አበርክተዋል?» ይላል። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ትተውለታል። ስንት ቀን ከፍቼ አየሁት፤ የምጽፈው አልነበረኝም።

የምሠራው ከገበሬ በቆሎ በሚገዛ መጋዘን ነበር። ጧት እወጣለሁ፣ ሲመሽ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። የአዴት ልጅ ነኝ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን እዚያም የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። ከጎረቤቶቼ ጋር ከእግዜር ሰላምታ አልፈን አናውቅም። አንዳንድ እሑድ ከሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ይመሽብኝ ነበር።

ለዚያ ባዶ ቦታ ስል ለገበያ ሴቶች የንግድ ሥልጠና ልስጥ አልኩ። ቀበሌው አዳራሹን ፈቀደልኝ። በርበሬና ቅመም የሚሸጡትን እየዞርኩ ጋበዝኩ፤ ሁሉም «እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። በመጀመሪያው እሑድ አሥር ያህል መጡ። በሁለተኛው ሦስት። በሦስተኛው የመጡት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩት፣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ሙስሊሟ ጎረቤቴ። የፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

«ሌሎቹ የት ቀሩ?» አልኳቸው።

«ለቅሶ አለ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

«እርስዎስ ታዲያ?»

«ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነው» አሉ። «አይክፋሽ ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ለቅሶ ስትደርሺ አላየንሽም። በኀዘኑ ያልደረስሽለት ሰው እንዴት ብሎ ካንቺ ይማራል?» አሉኝ።

አዳራሹን ቆልፌ ተከተልኳቸው። ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ «የማን ወገን ነሽ?» አለችኝ። «የማንም» አልኩ። ትንሽ ተጠጋችልኝ። ሟቹን አላውቀውም፣ ሰዎቹንም አላውቅም፤ እጄን የማስቀምጥበት ስላጣሁ ተነሥቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

በሳምንቱ እድር ገባሁ። አልዋሽም፤ ጀሪካን ተሸክሜም፣ ሽንኩርት ስከትፍም ያንን ግማሽ ገጽ በልቤ እጽፍ ነበር። ሰዎቹም አወቁኝ ማለት አይደለም። «ያቺ የመጋዘኗ ልጅ» ይሉኛል፣ እቃ ያቀብሉኛል፤ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ከየዘመዱ ጋር ሰብሰብ ይላል፣ እኔ ብቻዬን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ክረምት መግቢያ ላይ የጎረቤቴ እኅት ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ውስጥ አረፉ። በአይሱዙ ቆመን ሄድን፣ ከዚያ በጭቃው በእግር። ስንደርስ ቀብሩ አልቋል። ጎረቤቴ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዘመዶቻቸው ማን እንደሆንኩ ሲጠይቁ ጎረቤቴ «የእኛ ሰፈር ልጅ ናት» አሉ። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል ይባላል፤ ያለቀስኩት ለእናቴ ነበር። እሷ ስትሞት እንግዳ ሳስተናግድ በወጉ አላለቀስኩላትም።

ከዚያ ስመለስ ቅጹን ከፈትኩ። ስለ ሥልጠናው ያረቀቅሁትን አጥፍቼ፣ እድር ውስጥ እንዳለሁ፣ ውኃ እንደምቀዳና ብርጭቆ እንደማጥብ በአራት መስመር ጻፍኩ። የቀረውን ባዶ ተውኩት። በስልክ ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉልኝ አንደኛው፣ «በዚህ ውስጥ እርስዎ የመሩት ምንድን ነው?» አለ።

«የመራሁት የለም» አልኩ። «ሲጠሩኝ እሄዳለሁ።»

ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ተቀበሉኝ። ምኑን አይተው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መጀመሪያ የነገርኩት ለጎረቤቴ ነው። ጨርቃቸውን እያጣጠፉ ነበር። «ታዲያ ልትሄጂ ነው» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። «መልካም። ገና አሁን ሰው ለምዶሽ ነበር» ብለው ማጣጠፋቸውን ቀጠሉ።

አሁን አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። በደረጃው የምንተላለፈው ሁሉ ይቸኩላል። ኔትወርክ ሲኖር ጎረቤቴ ይደውሉልኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩኝ ማን እንደሞተ ነው። ስሰማ ቀብሩ አልፏል። ከክፍል ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለኀዘንተኞቹ እደውላለሁ። አንዳንዶቹ ድምፄን አይለዩትም፤ ማን እንደሆንኩ አስረዳቸዋለሁ።