አየር የምትስበው ፒካፕ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ እዚህ ጂንካ፣ የጎረቤቴ ፒካፕ ደጄ ላይ ቆማ በካርቡራተሯ በኩል ትክ ትክ እያለች ስትተፋ ደረስኩ፤ የቤንዚኑ ሽታ ነጠላዬ ውስጥ ሳይቀር ገባ፣ እኔም ቁልፌን በእጄ እንደያዝኩ ልቤ ሐይቅ ከተማ አባቴ ግቢ ሄዶ ቀረ።

አባቴ ከአምባሰል እህልና ሰው፣ ከሐይቁ ደግሞ ዓሣ ወደ ደሴ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ጠባይዋ ተለወጠ፤ ነዳጅ ሲረግጥላት ታመነታለች፣ ትንሽ ዳገት ካየች ትግላለች። አባቴ ከደጀ ሰላም የማይለይ ሰው ነበርና ነገሩን በበጎ ተረጎመው፤ «ቤንዚን መጠጣት ቀንሳለች፣ እሷም እንደኛ ጾማለች» እያለ ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራ እናቴ ሆዷ ገፍቶ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ጎረቤታችን መካኒኩ አያ ሰይድ ግን አልሳቀም። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቶ ጫፉ እንደ ኖራ መንጣቱን አሳየው።

«ጾም አይደለም አንተ ሰው፣ ረሃብ ነው! የሆነ ቦታ አየር ትስባለች፣ ቤንዚኑ አይበቃትም። ወላሂ አንድ ቀን ዳገት ላይ ጥላህ ትቀራለች።»

«እስቲ ትንሣኤን እንዋልና አመጣታለሁ» አለ አባቴ፤ የበዓል መንገደኛ በዝቶለት ነበር።

እናቴን ምጥ የያዛት በሰሞነ ሕማማት፣ ረፋድ ላይ ነው። አዋላጇ ደሙን አይታ «ደሴ ውሰዷት፣ አሁኑኑ!» አለች። ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት፣ እኔም ራሷን ታቀፍኩ። የደሴን ዳገት ስንያያዘው ሞተሩ ተፋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ወደ ላይ የሚወጡት መኪኖች ጢም ብለው ስለሞሉ አይቆሙልንም፤ አባቴ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሚኒባስ ለምኖ አያ ሰይድን አስጠራና፣ እሱ እስኪመጣ በተከፈተው ኮፈን ላይ ተደፍቶ «እግዚኦ መሐረነ» ይላል።

አያ ሰይድ እንደደረሰ ውሃና ሳሙና አምጡ አለ። እናቴ ለሚወለደው ልጅ ማጠቢያ የቋጠረችውን ሳሙና ሰጠሁት። አረፋውን እየመታ፣ እንደምንም በተነሳው ሞተር ላይ፣ አየሩ የሚገባበትን ማኒፎልድ ዙሪያውን ቀባው፤ አንዱ ጥግ ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ተጠጣ፣ የሞተሩም ድምፅ ተለወጠ። የመገጣጠሚያው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀዶ ኖሯል። ሞተሩን አጥፍቶ ደረቁን ሳሙና ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቀና ቡሎኑን አጠበቀ።

«በል ንዳ፣ አላህ ያድርሳችሁ!»

ፒካፗ ዳገቱን እንደ አዲስ መኪና ወጣችው። እናቴ ግን ክንዴን የያዘችበት ጣቷ ደሴ ሳንገባ ላላ። ልጁም አልተረፈም።

ያን ቀን ማታ ሲመልሰን የነዳው በኋላ ደሴ ድረስ ተከትሎን የመጣው አያ ሰይድ ነው፤ አባቴ ከኋላ ከአስከሬኑ ጋር ተቀመጠ። ሞተሩ አንዴም አልተፋም። ቢተፋ፣ ቢቆም፣ ቢያለቅስ ደስ ባለኝ ነበር።

በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባላትና ለብዙ ዘመን አገለገለች። ታዲያ አባቴ ደሴ በወጣን ቁጥር እዚያ ዳገት ላይ ዳር ይዞ ያቆማል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርድና ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጣል። ምንም የለባትም። ተሳፋሪው የሐይቅ ሰው ነውና አንድም የሚያጉረመርም የለም። ሲበቃው ዘግቶ ይገባል፣ የቀረውንም ዳገት እንወጣለን።