የኻሚስ ቦታ

የትምህርት ቤታችንን አጥር የሠራው ኻሚስ ነው። ቀርከሃውን ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱ ሰንጥቆ። እኔ ስርጉት እባላለሁ፤ በአሶሳ ዙሪያ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አደግሁ። እዚሁ አድጌም ስለ በርታ ጎረቤቶቼ የማውቀው የማንጎአቸውን ጣዕም ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። ጥፋቴን ከሥሩ ልጀምር ብዬ ነው።

ኻሚስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። በየሳምንቱ አጥሩን ለማየት ብቅ ሲል፣ «ኡስታዛ፣ ደህና ነህ? ልጅ ይማራል?» ይለኛል። ኡስታዛ ማለቱ አስተማሪዋ ማለቱ ነው፤ በአማርኛው አንተና አንቺን አይለይም ነበር። ልጁ ባቢክር ያኔ ሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። አባቱን በመስኮት ሲያይ ሂሳቡንም ደብተሩንም ይረሳል። በእረፍት ሰዓት ሁለት እጁን አፉ ላይ ደርድሮ፣ ጉንጩን ነፍቶ የአባቱን ዙምባራ ይነፋል።

ዙምባራ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ ዙምባራ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በኻሚስ መንደር አሥራ ሁለት ነፊዎች ነበሩ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ፣ ዜማው ከአሥራ ሁለቱ አፍ ይወጣል። ሰባተኛው ቦታ የኻሚስ ነበር። ከአባቱ ነው የወረሰው፣ ለባቢክር ነው የሚያወርሰው። ዙምባራው ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ይከርምና የሚወርደው እህል ሲሰበሰብ ነው። ልጅ የሚማረውም ያኔ ነው፤ ከአባቱ ጎን ቆሞ ተራውን በጆሮው እየለመደ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኔ ነገር ነው።

የዚያ ዓመት የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ኻሚስን መጥተህ ንፋልን አልኩት።

«እኛ አሥራ ሁለት ነን» አለኝ።

«ሰዓት የለንም፤ ለናሙና አንተ ብቻህን ትበቃለህ።»

«ሌሎቹ ማሽላ ይወቃሉ። ቆይ ይጨርሱ…»

«በዓሉ አይቆይልንም እኮ፣ አቶ ኻሚስ!»

«እሺ፣ ኡስታዛ» አለኝ። የልጅ አስተማሪ እምቢ አይባልም ብሎ ነው።

ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ዙምባራውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ሳሉ አነሳና ነፋ። ቡ! ከዚያ ጠበቀ። የሌሎቹ አሥራ አንድ ሰዎች ተራ እስኪያልፍ፣ እንደ ልማዱ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጠበቀ። ሜዳው ጭር አለ። ቡ! አሁንም ጠበቀ። በሦስተኛው ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

እኔም ሳቅሁ። አፌን በእጄ ሸፈንኩ እንጂ ሳቅሁ። ባቢክር በሰልፉ ፊት ቆሞ ነበር፤ አልሳቀም ነበር። ዞሮ የእኔን ፊት አየ። ከዚያ እሱም ሳቀ።

ኻሚስ ዞሮ ልጁን አየው። ዙምባራውን ቀስ ብሎ ጠቀለለና «አመሰግናለሁ» ብሎኝ ሄደ። ያመሰገነኝ በምን ዕዳው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ባቢክር ከአባቱ ጎን አልቆመም። እናቱ ኢቲዳል «የገጠር ነገር ነው ይላል» ብላ ነገረችኝ። ኻሚስ ግን አልተቆጣውም። «እርጥብ ቀርከሃ በጉልበት ካጠፍከው ይሰነጠቃል። ራሱ ይመጣል» ይል ነበር አሉ። ዓመት ዓመትን ወለደ። ባቢክር ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ፣ ማንኩሽ ከተማ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። በየመኸሩ ኻሚስ በግራው የአንድ ሰው ቦታ ትቶ ይቆም ነበር። አንዳንዴ አጥር ሲጠግን አየውና ይቅርታ ልለው ምላሴ ድረስ ይመጣል፤ መልሼ እውጠዋለሁ። ፈሪ ነበርኩ።

ባለፈው ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞተ።

ማሽላው ሲገባ ኢቲዳል ቤቴ ድረስ መጥታ ጠራችኝ። ስደርስ ባቢክር የሁለት ዓመት ልጁን ለእናቱ ሰጥቶ፣ የአባቱን ዙምባራ ይዞ ሰባተኛው ቦታ ላይ ቆሟል። ቁመቱ ቁርጥ ኻሚስ። ጀመሩ። ተራው ሲደርስ ዘገየ። ሁለተኛ ዙር ላይ ቀደመ። ሦስተኛው ላይ ከጎረቤቱ ድምፅ ጋር ተጋጨና ዜማው ተበተነ። መሪው ሽማግሌ ሁሉንም አስቆሙና እጃቸውን በባቢክር ዙምባራ ላይ አሳርፈው በበርትኛ አንድ ነገር አሉት። ኢቲዳል ድምፅዋ እየተቆራረጠ ተረጎመችልኝ፦ «ስትቆም አባትህን ያየሁ መሰለኝ፣ ልጄ። ግን ተራውን አታውቀውም። እሱ የሚያስተምርበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ተቀመጥ።»

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አሥራ አንዱ ቀጠሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ የአንድ ትንፋሽ ያህል ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ስምንተኛው ይቀበላል። ያ ዝምታ በየዙሩ እየዞረ መጣ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«ባቢክር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ያን ቀን።»

ዙምባራውን ጭኑ ላይ አጋደመው።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለኝ። «አባቴ ግን ስንስቅ ዞሮ ያየው እርስዎን አልነበረም።»

ትንሿ ልጁ ከአያቷ ጉያ ወርዳ ወደ እሱ መጣች። የዙምባራውን አፍ በጣቷ እየነካካች «ንፋ» አለችው፣ በአማርኛ። ሰባተኛው ተራ ደርሶ ሁሉም ዝም አሉ። እሱም ዝም አለ።