ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት የማስተምርበት ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ራሳቸው የሠሩትን የእንዶድ ሳሙና ይዘው መጡ። ስድስት የውሃ ፕላስቲኮች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። ፈሳሹ ደፍረስ ያለ ቢጫ ነው፤ ሲነቀንቁት እስከ አንገቱ ድረስ አረፋ ይሞላል። ልጆቹ በሥራቸው ኮርተዋል። እኔ ግን ጎበዝ ከማለቴ በፊት ወረቀትና ሙጫ አወጣሁ።

«እያንዳንዱ ላይ ‹እንዶድ ነው፤ አይጠጣም› ብላችሁ ጻፉ።»

«ቲቸር ደግሞ! ሳሙና ማን ይጠጣል?» አለች አንዷ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ጻፉ ብያለሁ።»

ድምፄ ሳይከብድ አልቀረም፤ ሳቁ ወዲያው ቆመ። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼም ያውቁታል፤ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ሦስት መልስ ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ግን አላስረዳኋቸውም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የምንኖረው እዚሁ ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ከመጀመሩ በፊት፣ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ ታላቅ እህቷ እታለምና እኔ። እናቴ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። የዱቄት ሳሙናውና በረኪናው እጇን ልጦት ነበር፤ የጣቶቿ መጋጠሚያ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ከሥራ ስትመለስ ቅባት እየቀባች «እጄ ከእኔ ቀድሞ አረጀ» ትላለች፣ ቀልድ አስመስላ።

እታለም ደግሞ ታማ ተኝታ ነበር። ኩላሊቷን ነው፤ እግሯና ፊቷ ያብጥ ነበር። ሐኪም ቤት መመላለሱ ሲሰለቻት ሰባት ሱባዔ፣ አርባ ዘጠኝ ቀን ማለት ነው፣ ጠበል ልትጠጣ ተሳለች። እሁድ እሁድ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ የምቀዳላት እኔ ነበርኩ። መንገዱን እወደው ነበር። ጥቅምት ላይ ጭቃው ይደርቃል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይከፍታል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ስመለስ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ግማሹን ለእታለም አመጣላታለሁ። አትበላውም፤ ግን ሽታውን ትወደው ነበር።

ጠበሉን በውሃ ፕላስቲክ ገልብጬ መደርደሪያው ላይ እደረድረዋለሁ። ሥርዓት አውጥቼለት ነበር፤ አዲሱ ከግራ ይገባል፣ የቆየው ከቀኝ ይወጣል። «ሁልጊዜ ከቀኝ ጀምሪ» ብዬ እናቴን አስጠንቅቄያታለሁ። እሷም ማለዳ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ከቀኝ ጫፍ ያለውን አንስታ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን እምነት፣ ያንን የተባረከ አመድ፣ ትበጠብጥበትና ለእታለም በባዶ ሆዷ ታጠጣታለች። ስለዚህ የእታለም ጠበል ሁሌም ደፍረስ ያለ ነው።

እንዶዱን ያወቅሁት በትምህርት ቤታችን ክበብ ነው። መምህራችን የእንዶዱ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እንደሚለቀም፣ ደርቆ እንደሚወቀጥ፣ ዱቄቱ ውሃ ሲነካው አረፋ እንደሚያወጣ አሳዩን። ነጭ ልብስ ሳያቃጥል ያነጣል፤ ወንዝ ቢገባ ቶሎ ይበሰብሳል እንጂ እንደ ፋብሪካው ዱቄት አይከርምም አሉን። ደወል ሲደወል «ታዲያ መርዝ ነው፤ አፍ እንዳይነካ» ብለው ጨመሩ። ይህንንም በቀይ እስክሪብቶ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ከአጥር ላይ ለቅሜ፣ አድርቄ፣ ወቅጬ ዱቄቱን ለእናቴ ሰጠኋት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእጇ ስንጥቅ ገጠመ። «ይቺ ልጅ አስተማሪ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራችልኝ።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ላስደስታት ፈለግሁ። ሥራ ቦታ መበጥበጡ እንዳያደክማት ብዬ እንዶዱን ወፈር አድርጌ ዘፈዘፍኩት፤ በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ በባዶ የጠበል ፕላስቲክ ሞላሁት። ጠዋት ስትወጣ ልሰጣት ነው። መደርደሪያው ላይ ከቀኝ ጫፍ ክፍት ቦታ ነበር። አስቀመጥኩት፤ ከሌሎቹ ጋር አስተካከልኩት። ሰልፉ አማረኝ።

አርብ ጠዋት እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ እናቴ ሄዳለች፤ እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ረፍዶብኝ ስለነበር መደርደሪያውን ሳላይ ሮጥኩ።

በምሳ ሰዓት ስመለስ በራችን ላይ ጫማ በዝቷል። እታለም ፍራሿ ላይ ተደግፋ ሳፋ ታቅፋለች። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ጀርባዋን ትደግፋታለች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ነይ፣ ነይ እዪ! ከጠዋት ጀምሮ እያስወጣላት ነው። አረፋውን አየሽው? ስንት ዓመት ሆዷ ውስጥ የኖረ ነገር መሰለሽ!»

«ይውጣልሽ እታለም፣ ይውጣልሽ» ይላሉ ሴቶቹ።

ጠበል የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው ሕመሙ እየወጣ ነው ይባላል። እኛ ሰፈር በዚህ ማንም አይደነግጥም፤ እንዲያውም የሚያሳስበው አላስመልስ ሲል ነው። እታለም ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ነጥቷል።

«የዛሬው መረረኝ» አለችኝ። «ለእናትሽ ነገርኳት። ‹ከመረረሽ ሊሠራልሽ ነው› ብላ ደገመችልኝ።»

መደርደሪያውን አየሁ። ከቀኝ ጫፍ ያለው ፕላስቲክ ከግማሽ በታች ጎድሏል።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል አስታውሰዋለሁ። ፕላስቲኩን ቀሚሴ ሥር ደበቅሁት። ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ የቀረውን ደፋሁት። ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት። ከዚያ ተመልሼ እታለም አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ሙሉ፣ ሐኪም ቤት ብንወስዳትስ?»

«ሱባዔዋን አቋርጣ? በጠበል ላይ መርፌ? ወይ አንቺ፣ ፊደሉ በዝቶብሻል!»

ሴቶቹ ሳቁ። «የጠጣችው እንዶድ ነው» ማለት ሦስት ቃል ነው። ሦስቱንም አፌ ውስጥ ይዣቸው ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። እናገራለሁ ስል እናቴ ትታየኛለች፤ ኩባያውን የያዘች እናቴ፣ የሞላችው፣ የደገመችው። ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ማለት ደስ ባለኝ። ግን ፈርቼ ነበር፤ ለራሴ ፈርቼ።

እናቴ በአሥር ሰዓት ስትመጣ እታለም ማስመለሱን አቁማለች፤ ስትጠራ ግን አትመልስም። እናቴ እትዬ ሙሉን እንኳ አልጠየቀችም። «ታክሲ!» ብላ ጮኸች። ከቤታችን እስከ ሆስፒታል ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። ያን ሁሉ ሰዓት ሆስፒታሉ ሩብ ሰዓት ብቻ ርቆን ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም እታለም ምን እንደወሰደች ጠየቀችኝ። እናቴ ካርድ ልታወጣ ተሰልፋለች። ያኔ ለሐኪሟ ነገርኳት።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የጠጣችው?»

«ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች እንጂ አልተቆጣችኝም። ካርዱ ላይ ብዙ ጻፈች። ከዚያ «ለእናትሽ እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ ትነግሪያታለሽ?» አለችኝ።

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩ።

እታለም በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለቅሶ ቤት እትዬ ሙሉ ለመጣው ሁሉ «ጠበሉስ አጥቧት ነበር፤ ቀኗ ደርሶ ነው» እያለች አጽናናች። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አርባው ሲያልፍ ወደ ሥራ ተመለሰችና አንድ ጠዋት ጠየቀችኝ።

«ያ እንዶድሽስ? እጄን አሽሎልኝ እኮ ነበር።»

«አልቋል» አልኳት።

አጥሩ ላይ ግን ፍሬው ተንዠርግጎ ነበር። እሷም በየቀኑ በዚያው በኩል ታልፋለች፤ እንድለቅምላት አልጠየቀችኝም። ወደ ዱቄት ሳሙናዋና ወደ በረኪናዋ ተመለሰች፤ እጇም መድማት ጀመረ።

ይህ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ የሰው ልብስ ማጠብ ትታለች። ማንበብ አትችልም፤ ላስተምርሽ ብላት «አንድ ቤት ውስጥ አንድ አስተማሪ ይበቃል» ትላለች። የእታለምን የሆስፒታል ካርድ ከነጠላዋ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሣጥኑን ባስተካከለች ቁጥር ታወጣውና «ምን ይላል?» ትለኛለች። እኔም እንደ ክፍል ውስጥ ድምፄን አስተካክዬ አነብላታለሁ።

ልጆቹ ጠርሙሶቹን ባመጡበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደገና አወጣችው። የስድስቱ ጠርሙስ ጽሑፍ ገና ዓይኔ ላይ ነበር፤ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ካርዱን ተቀበልኳት። የሐኪሟ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ወደ ጀርባው ይዞራል። ቀና ስል እጇን አየሁ፤ የጣቶቿ መጋጠሚያ ላይ ጠባሳው ነጭ መስመር ሠርቷል። ያን ኩባያ የያዘው ይኸው እጅ ነው።

«ኩላሊቷ በጣም ደክሞ ነበር ይላል» አልኩ።

ካርዱን መልሳ ወሰደች። ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ መልሳ ፊቱን አየች። በጣቷ መስመሮቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ነካቻቸው።

«ይኼ ሁሉ ጽሑፍ» አለች፣ ሳታየኝ፤ «የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው?»

«አዎ» አልኳት። ካርዱን ነጠላው ውስጥ መልሳ ጠቀለለችው።