ከመርዶው በፊት ፀጉሩ ይውለቅ

ዙፋን በሰማንያዎቹ አጋማሽ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስትገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እንደ ብዙው የመተማ ቆላ ሰው የመጣችው ሰሊጥ ልታጭድ ነው፤ ማጭድና እጇ ግን አልተስማሙም። አንድ ወቅት ሙሉ ጣቷን ስትቆርጥ ከረመችና ማጭዱን ጥላ ከተማ ገባች። እጇ ለካ የተፈጠረው ለሰው ራስ ኖሯል። ሹሩባ ስትሠራ የተኛ ሕፃን አይነቃም ይሏት ነበር። ሴቶች ሲያደንቁ ልክ የላቸውም፣ ይሄኛው ግን እውነት ነበር።

በሙጫ የሚለጠፈው ዊግ ገበያው ላይ ሲመጣ ከሀበሻ ሴቶች ቀድማ የለጠፈችው እሷ ናት፣ ያውም ለራሷ። ፀጉሩ ወገቧ ደረሰ፤ ሦስት ሳምንት ምድር አልበቃ አላት። በአራተኛው ሳምንት የወንድሟ መርዶ መጣ። እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ አንኳኩተው፣ ቤቱን በሰው ሞልተው አረዷት። እሷም እንደ አገሯ ሴት ፀጉሯን ነጨች። ሙጫ ሐዘን አያውቅም፤ ዊጉ የራሷን ፀጉር ከነቆዳው ይዞ መጣ። ከግራ ጆሮዋ በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከዚያ ወዲህ ፀጉር አላበቀለም። ሻሿ ከራሷ የማይወርደው ለዚህ ነበር። ሰው ለጨዋነቷ ይመስለዋል፣ እሷም አላስተባበለችም። ራሰ በራውን ያየች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ያን ጊዜ ቁስሉን ያጠቡላት ጎረቤቷ እማማ ባሕሪያ።

ዊግ መለጠፉን ግን አልተወችም፣ እንጀራዋ ነው። ደንበኞቿን የምታስምላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ቤታቸው ሆነው ጎትተው እንዳያወልቁት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላቸዋለች፣ እነሱም ይስቃሉ።

ልጅ አልወለደችም። ከአጥሯ ማዶ ግን ከአክስቷ ጋር የምትኖር ያለምወርቅ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤት በማጽዳት ሠርታ የምታድር፣ ማታ ማታ እራቷን ይዛ መጥታ ከዙፋን ጋር የምትበላ። አንዳንድ ቀን አፏ ሲያመልጣት «እማ» ብላ ትጠራታለች፤ ዙፋንም እንዳልሰማች ሆና በሆዷ ደስ ይላት ነበር። ለጎረቤታቸው ለሂያም ሠርግ ብላ ረዥም ዊግ የለጠፈችላት ራሷ ዙፋን ናት።

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ እማማ ባሕሪያ መጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ሰው ሁሉ ሞባይል ያልያዘበት ዘመን ነበር፤ ወሬውን ያመጣው ከመተማ የሚመላለሰው ሾፌር መንግስቱ ነው። የያለምወርቅ እናት ሞተው ከተቀበሩ አራት ቀን ሆኗቸዋል። ሰው ተመካክሮ ነገ ጎህ ሲቀድ ሊነግራት ወስኗል።

«ፀጉሩን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ» አሉ እማማ ባሕሪያ። «ዛሬውኑ አውልቂላት። ነገ እንዳንቺ እንዳትሆን።»

ዙፋን ለምን አሁኑኑ አትረዳም፣ ፀጉሩ ከዚያ በኋላ ይወልቃል ስትል ሞገተች። እማማ ባሕሪያ ግን በቀስታ ጠየቋት፤ እናቷ የሞተባት ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ራሷን ለሰው እጅ ሰጥታ ትቀመጣለች ወይ? ደግሞስ መርዶ በምሽት ይነገራል? ዙፋን ሆድ ይፍጀው ብላ የሰሊጥ ዘይቷን፣ ሰፊ ጥርስ ያለውን ማበጠሪያና ፎጣዋን ይዛ ተሻገረች።

ሙጫው የተበላሸ ነው፣ ሌላ ሴት አቁስሏል ብላ ዋሸች። ያለምወርቅ እሺ አላለችም። አርብ ፎቶ ልትነሳ ቀጠሮ አላት። የመኖሪያ ወረቀቷ አልስተካከል ብሎ እናቷን ካየች ስድስት ዓመቷ ነው፤ መልክሽ ጠፋኝ ብለው ልከውባታል፣ እሷም በዚህ ፀጉር አምራ ተነስታ በመንግስቱ እጅ ልትልክላቸው ነው። ከአርብ በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊኝ ብላ ሳቀች።

ዙፋን በዕድሜዋ ከተናገረችው ሁሉ የከፋውን ያን ጊዜ ተናገረች።

«እናትሽ የምታውቀው የራስሽን ፀጉር ነው። በሱ ብታይሽ ነው ደስ የሚላት።»

ያለምወርቅ ትንሽ አሰበች። «ኸላስ፣ በቃ፣ እውነትሽን ነው። አውልቂው» አለችና በዙፋን ጉልበቶች መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዙፋን ዘይቱን ለብ አድርጋ ሙጫው በያዘበት መስመር ሁሉ በጣቷ ጫፍ አጠጣችው። የልጅቱን ራስ በሙቅ ፎጣ ጠቅልላ ግማሽ ሰዓት ተወችው። ከዚያ ከማጅራት ጀምራ፣ ሳትጎትት፣ ሙጫውን በአውራ ጣቷ እያሸች ከፀጉሩ ለየችው። እምቢ ያለውን እንደገና ዘይት እያጠጣች ጠበቀች። የቀረውን ፍርፋሪ ከጫፍ ወደ ሥር በማበጠሪያው አወረደችው። ያለምወርቅ ደግሞ ለፎቶው የቱን ቀሚስ ልልበስ እያለች ታማክራታለች፣ ዙፋንም ሰማያዊው ይሻላል ትላታለች። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ሆን ብሎ ዘገየ። ይህ እስኪወልቅ ድረስ ለዚህች ልጅ እናቷ በሕይወት አሉ። ያም ወለቀ። ፀጉሯን በሳሙና አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ደህና እደሪ ብላት ወጣች።

ጎህ ሲቀድ ተረዳች። ያለምወርቅ ጮኸች፣ ወደቀች፣ ሁለት እጇን ፀጉሯ ውስጥ ከታ ነጨች። በጣቷ መካከል ጥቂት ዘለላ ወጣ እንጂ ደም አልወጣም። ዙፋን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የልጅቱን ራስ ነበር የምታየው፤ ቆዳው ደህና መሆኑን ስታይ ነው እሷም ማልቀስ የጀመረችው።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል ያለምወርቅ ጠራቻት። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«እትዬ ዙፋን፣ ራሴን ስታሺኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በራስሽ ፀጉር ብታይሽ ደስ ይላታል ስትይኝም?»

ዙፋን ሻሿን ገልጣ ልታሳያት እጇን ወደ ራሷ አነሳች። ግን ሐዘንተኛ ፊት የራስን ጠባሳ አውጥቶ መከራከር ነውር መሰላት። እጇን መለሰችና የሻሿን ቋጠሮ አጠበቀች። ያለምወርቅም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከአርባው በኋላ ልጅቱ ሌላ ሠፈር ቤት ተከራይታ ሄደች። እማማ ባሕሪያ ሊያስታርቁ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ተጣላሁ መች አልኩ ብላ መለሰቻቸው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አትነፍጋትም፣ ቆማ ግን አታወራም። ዙፋን ራቷን ብቻዋን መብላት ለመደች፣ መልመድ ከተባለ።

ሁለት ዓመት አልፎ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዙፋን ከልጅቱ ኋላ ቆመች። ያለምወርቅ ስትሰግድ ነጠላዋ ወረደ። የራሷ ፀጉር ነው፣ ደንድኖ ከትከሻዋ አልፏል፣ የሳሳ ቦታ የለውም። ሌላ ሴት ሹሩባ ሠርታላታለች። መስመሩ ጠማማ ነበር። ዙፋን ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፤ ቅዳሴው ሳያልቅም ወጥታ ሄደች።